ከመስመሩ በላይ ያለችው ነጥብ

«ዓይንህን ጨፍን፤ ግን እንቅልፍ እንዳይወስድህ» አለው የኤምአርአይ ማሽኑ ባለሙያ በጆሮ ማዳመጫው በኩል፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ላጣው ሰው። «እሺ» አለ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ እሺ ማለት ይቀለዋል። ሳቁ መጥቶበት ነበር፣ ግን በዚህ ቱቦ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው፤ ጭንቅላት ከተነቃነቀ ምስሉ ይበላሻል፣ ምስሉ ከተበላሸ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል። ጥርሱን ነክሶ ሳቁን ዋጠው። ፊቱ ላይ የፕላስቲክ ፍርግርግ ተከድኗል፣ ከፍርግርጉ በላይ ትንሽ መስታወት አለ፣ በመስታወቱ ውስጥ የራሱ እግሮች በነጭ ካልሲ ተጋድመው ይታያሉ፣ ሩቅ ናቸው፣ የሌላ ሰው እግር ይመስላሉ። በግራ እጁ የጎማ ፊኛ አስጨብጠውታል። ከከፋህ ጭመቀው ብለውታል። ምን ያህል ከከፋኝ ብሎ አልጠየቀም፣ መጠየቅ ነበረበት፤ ልኩ ያልተነገረው ነገር ሁልጊዜ ያስጨንቀዋል። አሁን የከፋው ይበቃል? ወይስ ይህ ገና ተራ መከፋት ነው?

ማሽኑ ጀመረ። መጀመሪያ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ቀጥሎ አስፋልት እንደሚሰብር መሣሪያ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። ይህ አራተኛ ዓመቱ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዚሁ ወር፣ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አንጎሉን ያነሱታል። ሕመሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ የነርቭን ሽፋን ይልጣል፤ አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦን ፕላስቲክ ስትግጠው እንደማለት ነው፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ግን ብልጭ ድርግም ይላል። መጀመሪያ የያዘው በዓይኑ ነበር፤ ቀኝ ዓይኑ ለሦስት ሳምንት ዓለሙን ሁሉ በጭስ ውስጥ አሳየችውና ተመለሰች። ከዚያ እግሩ ደነዘዘ፣ እሱም ተመለሰ። «የአንተ ዓይነቱ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለው ሐኪሙ፣ ለማጽናናት ነው። መምጣቱንስ እያየው ነው፤ ሲሄድ ግን ምን ይዞ እንደሚሄድ ማን ይነግረዋል? እሱ የሚሳተፍበት ጥናትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በምስሉ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ጠባሳዎችና የአንጎሉ መሟሸሽ ከሰውየው የማሰብ ፍጥነትና የማስታወስ ችሎታ ጋር ምን ያህል አብረው ይሄዳሉ? ሁለት መቶ ሰው ገደማ በየዓመቱ ይነሳል፣ በየዓመቱም ይፈተናል። እሱም ከዚህ ቱቦ ሲወጣ ኮሪደሩን አቋርጦ ወደ ፈተናው ይገባል። እንቅልፍ የነሳው ቱቦው አይደለም፣ ፈተናው ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስጨንቀው ፈተናው ብቻ አይደለም፤ የእታለም ስልክም አለ። ዛሬ ጠዋት ነው፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ታላቅ እኅቱ ደወለች፣ እሷ ስትደውል ሰላምታ የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ወደ ነገር ነው። «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትደውልላት?» «ለማን?» «ለጎረቤታችን! ለእማዬ ነዋ። ተቀይማሃለች እኮ።» «እደውላለሁ።» «እሱንማ ሁሌ ትላለህ። ከዚያ ነገር በኋላ አንዲት ቃል አትላትም? አንጀትህ እንዴት ቻለ?» ከየቱ ነገር በኋላ ሊል አፉን ከፈተ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰዎች ተጋፉ፣ እሱ «እሺ፣ ዛሬ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ፣ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ከየቱ ነገር? እናቱ በምን ተቀየመችው? ደብተሩን አወጣ። መቼም ነገር እንዳያመልጠው ሁሉን ይጽፋል፤ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ «ባለ ደብተሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። እሑድን አገኘ። በራሱ ጽሑፍ፣ በቀጥተኛ መስመር፣ እንዲህ ይላል፦ «እታለም ደወለች። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ሁሉም ሰላም።» ሁለቴ አነበበው። ደቂቃው አልቀረም፣ ነገሩ ግን የለም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰላም ነው ሲባባሉ አልቆዩም መቼም። የሆነ ነገር ተነግሮታል፣ እሱም የሆነ ነገር መልሷል፣ ግን እዚያ ቦታ ላይ እጁን ቢሰድ ባዶ ነው፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ምላስ እየሄደች እንደምትነካው ቦታ።

«ጥሩ እየሄደ ነው» ይላል ባለሙያው። «ቀጣዩ ስድስት ደቂቃ ነው። ነቅተሃል?» ነቅቷል። የእሑዱ ወሬ ምናልባት ስለ እናቱ እግር ነበር። ወይስ ስለ አጎታቸው ልጅ? የአጎታቸው ልጅ ሊያገባ ነው የተባለው እሑድ ነው ወይስ ባለፈው ወር? ወይስ ማንም ሊያገባ አይደለም፣ በሕልሙ ነው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለእሱ ባዳ የሆነበት ግን ጆሮው ብቻ አይደለም፤ ከጆሮው በስተኋላ ያለው ሰፊ ቤት ሁሉ ነው፣ እንግዳ ይገባበታል፣ ማን እንደገባ ባለቤቱ አያውቅም። ደክሞኝ ይሆናል ይላል። እንቅልፍ ስላጣሁ ይሆናል። የሰው አገር ቋንቋ ስሰማ ስለምውል ጆሮዬ ሰልችቶት ይሆናል። ለእያንዳንዱ መርሳት ሦስት ሦስት ምክንያት ያዘጋጃል፣ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ያስተኛው ነበር። አሁን ግን አላስተኛውም።

ምክንያቱም አንድ ነገር ያውቃል፣ ሌላ ማንም የማያውቀውን። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሆስፒታሉ የመጣው ደብዳቤ «በዕለቱ የአእምሮ ፍጥነት ፈተና ይሰጣል» ይል ነበር። እሱ ደግሞ በሕይወቱ ሙሉ ፈተና ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈተና ይጠናል። ከላይ ክፍል ካለፉ ልጆች የአምናው ወረቀት ይለመናል፣ የካቻምናውም ይፈለጋል፣ ይሠራል፣ እንደገና ይሠራል፣ ሳያጠኑ መግባት ደፋርነት አይደለም፣ ለወላጅ አለማዘን ነው። ስለዚህ ፈለገ። ከኢንተርኔት አንድ ጥግ ወረቀቱን አገኘው፦ ከላይ ዘጠኝ እንግዳ ምልክቶች፣ በእያንዳንዳቸው ሥር ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር፤ ከታች ምልክቶቹ ብቻ ተበታትነው ረድፍ በረድፍ። ተፈታኙ ወደ ላይ እያየ ቁጥራቸውን ይጠራል፣ ዘጠና ሴኮንድ ብቻ አለው፤ ውጤቱ በትክክል የጠራው ብዛት ነው። እሱ ግን ወደ ላይ ማየት አላስፈለገውም። ወረቀቱን ከፊት መታጠቢያው በላይ ለጠፈው፣ ጥርሱን ሲፋቅ ያየዋል፣ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ በጣቱ ይስለዋል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ስሙ አወቀው። የገባ ቀን ስልሳ አንድ አመጣ። «በጣም ጥሩ ነው!» አለችው ፈታኟ፣ እሱም ልክ አንደኛ እንደወጣ ልጅ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ያታለለ አልመሰለውም። እውነቱን ለመናገር አሁንም ማታለል ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለም፣ ቃሉን በልቡ ሲመዝነው ይከብደዋል፣ አውርዶ ሲያስቀምጠው ደግሞ ይቀለዋል። ሁለተኛ ዓመት ስልሳ አራት። ሦስተኛ ዓመት ስልሳ ስድስት።

ፈታኟ ናት ነገሩን ያበላሸችው፣ በደግነቷ። አምና፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ኮምፒውተሯን አዙራ አንድ ሥዕል አሳየችው፤ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል፣ በመስመሩ ዙሪያ ሁለት መቶ ነጥብ እንደ ጤፍ ተበትኗል። «አየህ፣ ጠባሳው በበዛ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሁሉም ሰው እዚህ አካባቢ ነው» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ወደ ላይ፣ ወደ ባዶው ቦታ ወሰደች፣ እዚያ አንዲት ነጥብ ብቻዋን አለች። «ይቺ አንተ ነህ። ጠባሳህ ከብዙዎቹ ይበዛል፣ ፍጥነትህ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ምን ሆነህ ነው? ቼዝ ትጫወታለህ? ሙዚቃ ትማራለህ? ምን ትበላለህ?» «መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው» አላት። «መደርደሪያዎቹ ቁጥር አላቸው።» ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ክፍሉ «ነጥባችን» ይሉታል። ሐኪሙም እሷ የላከችለትን ቁጥር አይቶ እንዲህ አለው፦ «ምስልህን ብቻ አይቼ ቢሆን ጠንካራውን መድኃኒት እጀምርልህ ነበር፣ ግን ጉበት ይጎዳል፣ ሌላም ጣጣ አለው። አእምሮህ እንዲህ እየሠራ ለምን እንቸኩላለን? ዘንድሮም ፈተናው ደህና ከሆነ በያዝከው ትቀጥላለህ።» እሱም ምን አለ? እሺ አለ።

አሁን ይህ ነው ያለው፦ ዛሬ ደግሞ ስልሳ ስድስት ካመጣ፣ ምናልባትም ስልሳ ሰባት፣ የሚያስፈልገው መድኃኒት አይሰጠውም፣ አይጧ ሽቦውን እየጋጠች ትቀጥላለች። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ... ከተናገረስ? ከጥናቱ ያባርሩታል። ፈታኟ ታፍርበታለች። ከዚህም የባሰ አለ፤ ትክክለኛ ቁጥሩን ያውቃል። በመጋዘኑ ውስጥ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ሣጥን ወደ ተሳሳተ መኪና ልኳል፤ የሥራ ባልደረባው፣ ያ ቀልደኛው፣ «ባለ ደብተሩ፣ ፍቅር ይዞህ ነው ወይስ ደብተሩ ሞላ?» ብሎታል፣ ሁሉም ስቀዋል፣ እሱም አብሮ ስቋል፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ዘጠኙን ምልክቶች በልቡ ወጣቸው። ዘጠኙም ነበሩ። ዘጠኙ እስካሉ ድረስ ደህና ነኝ ይላል። ያችን አንዲት ክፍል ሰው እንዳይገባባት ቆልፎ ሲጠብቅ ሌላው ቤት ሁሉ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆን? ማሽኑ ያንኳኳል። ሰው ያለበት ቤት ነው የሚንኳኳው። አለሁ፣ አለሁ ይላል በልቡ፤ ለማን እንደሚመልስ ግን ግልጽ አልሆነለትም።

«አለቀ ወንድሜ» አለ ባለሙያው። አልጋው ወደ ውጭ ተንሸራተተ፣ ፍርግርጉ ተነሳ። ባለሙያው ሸምገል ያለ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ነው። «እንዴት ያለ ታካሚ ነህ! እንደ ድንጋይ ነው የተኛኸው። ሁሉም እንዳንተ ቢሆኑ ምሳዬን በሰዓቱ እበላ ነበር።»

«ምስሉ እንዴት ነው?»

«እኔ አንሺ ነኝ፣ አንባቢ አይደለሁም» አለና ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ። ሁልጊዜ የሚለው ነው። ዘንድሮ ግን ትንሽ ፈጥኖ ነው ያለው፤ ወይም ፈጥኖ ያለ መሰለው።

ልብስ መለወጫው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ባለ ቁልፍ ቁም ሣጥን፣ በግድግዳው ላይ «ብረት ነክ ነገር እንዳይረሳ» የሚል ማስጠንቀቂያ። ሸሚዙን ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ አዛነፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ጀመረ። ፈተናው ሊጀመር ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ስልኩን አወጣ። ለእናቱ ሊደውል ነበር፣ ግን በምን እንደተቀየመች ሳያውቅ ምን ይላታል? ለእታለም ደወለ። ረሳሁ ማለት አልሆነለትም፤ ሲፈተን እንደኖረ ሰው ሰፊ ጥያቄ ጠየቀ፣ መልሱን እሷው እንድትሰጠው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እማዬ እንዴት ናት? እንዴት ሆነች?»

«እንዴት ትሆናለች! ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ግድግዳ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። መጋረጃው አጠረ፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ የኔ ልጆች ይጮሃሉ፣ ሁሉም ነገር ጥፋት ነው። ትናንት መብራት ማጥፊያውን ስትፈልግ ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳብስ አገኘኋት። እሷ ቤት እኮ በስተቀኝ ነበር።»

«አንቺ ጋ ናት?»

«ምን ማለትህ ነው? እኔ ጋ ካልሆነች የት ልትሆን? ማክሰኞ ዕቃዋን ጭነን አላመጣናትም?»

«አይ፣ ማለቴ...»

«አንተ ነህ እኮ እሺ ያልከው!»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እታለም ቀጠለች፣ እሷ ከጀመረች አታቆምም፤ እሑድ ለት ነግራዋለች፣ ደረጃው እናታቸውን እየጎዳት ነው፣ ብቻዋን መሆኗ ያስፈራል፣ እኔ ጋ ትግባና ቤቱን የአጎታችን ልጅ ይኑርበት፣ ሊያገባ ነው ብላዋለች። «እኔማ ትከራከረኛለህ ብዬ መልሴን ስንት ቀን አዘጋጅቼ ነበር። ነገሬን ሳልጨርስ እሺ አልክ፤ ከዚያ ስለ ዝናብ ስናወራ ቆየን። እሷ ደግሞ አንተን ተማምና፣ 'ልጄን ጠይቁት፣ እሱ እሺ ካላለ ንቅንቅ አልልም' ስትል ነው የከረመችው። እንቢ ትልልኛለህ ብላ እኮ ነው! ሰኞ ጠዋት እሺ ብሏል አልኳት። ተነሳችና ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት። ሃሎ? አለህ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ልበላት?»

«ራሴ እደውልላታለሁ» አለና ዘጋ። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። እሺ ማለቱን አያስታውስም። ዝናቡን አያስታውስም። ዘጠኙን ምልክቶች ግን ያስታውሳል፣ አሁን ቢጠሩት፣ ቢያስተኙት፣ ቢቀሰቅሱት። እናቱ ከቤቷ ወጥታለች፣ በእሱ ቃል፣ ቃሉን የተናገረው ግን ማነው? እሱ አልነበረም ማለት ውሸት ነው፤ እሱ ነበር ማለትም ልክ አልመጣለትም።

የፈተናው ክፍል ሁልጊዜ እንደነበረው ነው፦ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የሩጫ ሰዓት። የግድግዳው ሰዓት ድምፁ እንዳይረብሽ ባትሪው ወጥቷል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያቆመበት ላይ ቆሟል።

«ነጥባችን መጣ!» አለች ፈታኟ። በእሱ ዕድሜ ትሆናለች፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ትይዛለች፣ ከዚያም ያን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች። «በል፣ ሞቅ አድርገን እንጀምር። ዘንድሮ ሰባ ካመጣህ ምሳ በኔ ነው።»

ወረቀቱን ከፊቱ አኖረች። ዘጠኙ እንደ አብሮ አደግ ተደርድረው አዩት።

«ሌላ ወረቀት አለሽ?» አለ። «ምልክቶቹ የተለያዩ?»

«አለ። ምነው፣ ይሄ ደበዘዘብህ?»

«ይሄን አውቀዋለሁ።»

«አራተኛህ ስለሆነ ነው፣ ሰው ትንሽ ትንሽ ይለምደዋል። እሱን በስሌት እናስተካክለዋለን፣ አታስብ።»

«ትንሽ አይደለም። ገልብጪው።»

ፈገግ እንዳለች ገለበጠችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ፦ ክፍት ሣጥን አንድ፣ የተጋደመ መስቀል ሁለት፣ ጅራት ያላት ክብ ሦስት፣ እያለ እስከ ዘጠኝ። ከዚያ አላቆመም፤ የመጀመሪያውን ረድፍ በቅደም ተከተል፣ ሁለተኛውን ረድፍ፣ ሦስተኛውን። ዓይኑን ሲገልጥ ፈገግታዋ የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው በፊት ጀምሮ።»

«በፊት? እንዴት በፊት?»

«ደብዳቤው ፈተና አለ ይላል። አጠናሁ።»

«ለዚህ ማን ያጠናል?» ድምጿ ከፍ አለ። «የደም ግፊትህን ልንለካ ብንል ታጠና ነበር?»

«ፈተና ነው ብላችሁ ጻፋችሁ እኮ» አለ፣ ከልቡ ነው።

እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየለትም። «እኔ እኮ አይቻለሁ» አለች በጣቶቿ መሐል። «ሁሉም ሰው ቁልፉን ለማየት ቀና ይላል፣ አንተ አንዴም ቀና ብለህ አታውቅም። አይቻለሁ፤ ማስታወሻም ይዤበታለሁ፣ 'ድንቅ' ብዬ። ስለ አንተ ነጥብ ሁለት ወር ተከራክረናል። ስብሰባ ላይ ቆሜ ተናግሬባታለሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለምን ዛሬ ነገርከኝ?»

አሰበ። «እናቴን ከቤቷ አስወጣኋት፣ እንዴት እንዳስወጣኋት ግን አላውቅም» አላት። ይህ ለእሷ ምንም ትርጉም እንደማይሰጥ ያውቃል፣ ግን ሌላ ትክክለኛ መልስ አልነበረውም።

ተነስታ ከመደርደሪያው ሌላ ወረቀት አመጣች፣ ዘጠኝ የማያውቃቸው ምልክቶች፣ ሁሉም እርስ በርስ የሚመሳሰሉ። የሩጫ ሰዓቱን አነሳች። «ጀምር።»

የመጀመሪያውን አየ። ቀና አለ፣ በላይኛው ረድፍ ውስጥ ፈለገው፣ አራት ነው፣ ወረደ፣ ቦታውን አጣው፣ አገኘው፣ «አራት» አለ። ሁለተኛው፤ ቀና አለ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ መሰለው፣ አይደለም፣ ጭረቷ በግራ ናት። ሰባት ካለ በኋላ ሰባት ማለቱን ተጠራጠረ። መቸኮል ያማረዋል፣ ግን መቸኮያው የለም፤ ለሦስት ዓመት በአቋራጭ የሄደበትን መንገድ ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ይሰማዋል። «በቃ» አለች፣ እሱ ገና የወረቀቱ ግማሽ የሆነ መስሎት ሳለ። ግማሽም አልሆነም።

በእርሳሷ ጫፍ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። «ሠላሳ ሰባት።»

«ሠላሳ ሰባት» አለ። ቁጥሩ አላስደነገጠውም፤ ምን እንደሚል አልገባውም እንጂ። «ከስንት ወርዶ ነው?»

እርሳሱን አስቀመጠች። «እሱ ነው ችግሩ። ሐኪሙ መድኃኒትህን ለመወሰን ይሄን ነው የሚፈልገው፣ የወረድከውን። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ቢኖረን ኖሮ ይሄን ያህል አጥቷል እንል ነበር። ግን ያንንም አጥንተህ ነው የመጣኸው። ይሄ ምናልባት አስፈሪ ቁጥር ነው። ምናልባት ደግሞ ዱሮም ያንተ ቁጥር ነው። ስንት እንደነበርክ የሚያውቅ የለም።»

«እኔም አላውቅም» አለ።

«ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምናደርገው አንድ ነገር አለ። ታካሚውን ሳይታመም በፊት በደንብ የሚያውቀውን ሰው እንጠይቃለን፤ እንዴት ያስብ ነበር፣ እንዴት ይናገር ነበር፣ ምን ተለወጠ እያልን እንጽፋለን። እዚህ አገር እንደዚያ የሚያውቅህ ሰው አለ?»

ባልደረባውን አሰበ፣ የቤት አከራዩን አሰበ። «እዚህ የለም።»

«እዚያስ?»

«አለች። ግን መታመሜን አታውቅም።»

ፈታኟ ባዶ ወረቀት ሳበች።

ደወለ። ሲጠራ ብዙ ቆየ፤ የልጅ ድምፅ «አያቴ፣ ስልክ!» ብሎ ጮኸ፣ የሆነ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ እናቱ መጣች፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አፏን ከስልኩ አርቃ።

«አቤት የኔ ጌታ። በቀን ደወልክ፣ ሥራ የለም?»

«እማዬ፣ ተቀይመሽኛል?»

«በምኑ? ተወው እሱን። በላህ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅ ሆኜ፣ እዚያ እያለሁ፣ አስተሳሰቤ እንዴት ነበር? ፈጣን ነበርኩ?»

ሳቀች፤ ከልቧ ነው፣ ሳል እስኪይዛት። «አንተ? ፈጣን? አንተን ሱቅ ልኬህ ከጎረቤት ነበር የምበደረው። አንደኛ ትወጣ የነበረው እኮ መምህሩ ወረቀቱን ከእጅህ እየነጠቀ ነው። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ ሳታነብ መች ትመልስና!»

«ምን አለች?» አለች ፈታኟ በሹክሹክታ።

«ቀርፋፋ ነበርክ ነው የምትለኝ።»

ፈታኟ ጻፈች። እሱ የምትጽፈውን እያየ ግራ ገባው፤ እንግዲያው ሠላሳ ሰባት የጥንቱ እሱ ነው? ምንም አልጠፋም? ደስ ሊለው ይገባል? ደስታው ከየት በኩል እንደሚገባ ሲጠብቅ እናቱ «ማነው አጠገብህ ያለው?» አለች።

«ሐኪም ናት። የጭንቅላት። እማዬ... አሞኛል። አራት ዓመት ሆነኝ።»

ከወዲያ የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በር ተዘጋ፣ ጫጫታው ራቀ።

«አውቄዋለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል። ሰኞ ለት እኅትህ እሺ አለ ብላ ስትነግረኝ፣ ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ አልኳት። ወዲያው አለችኝ። ልጄ፣ አንተ ወዲያው እሺ ብለህ አታውቅም። ሱሪ ልግዛልህ ስልህ እንኳ 'ቆይ እማዬ፣ ላስብበት' ብለህ ሁለት ቀን ታስብ ነበር። ይሄ እሺ ያለው ልጅ የኔ ልጅ አይደለም፣ ወይ የኔው ልጅ ደህና አይደለም አልኩ። ብርጭቆዎቹን ስጠቀልል ለቤቱ የማዝን መሰላት፣ የዋህ። ቤትማ ግድግዳ ነው። ልደውልልህ ስልኩን ሦስቴ አነሳሁና ፈራሁ።»

«ምኑን ፈራሽ?»

«እኔንም እሺ ብትለኝስ ብዬ።»

ፈታኟ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ፊት ፊቱን ታየዋለች። «አሁንስ?» አለች። «አሁን ምን አለች?»

እሱ እጁን አነሳ፣ ስልኩን ከጆሮው ጋር አጥብቆ ያዘ።

«ቆዪ» አላት። «እነግርሻለሁ። ገና እየተናገረች ነው።»